ጠበቃ በቴሌግራም፦ በረንዳውና መጋረጃው

ዛሬ ከደም ግፊትና ከስኳር ወጣ ብዬ ስለ ጠበቆችና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ላወጋችሁ ነው። «ነርስ ስለ ጠበቃ ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ፤ የሚያገባኝ ነገር እንዳለ ታያላችሁ።

ቀደም ባለው ጊዜ በየቤቱ የሕግ ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የሰፈር ሽማግሌ ነበር። ነገሩ ከሽማግሌ ሲያልፍ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ይጠየቃል። ጠበቃ ዘንድ የሚደርሰው አቅም ያለው ብቻ ነበር። አሁን ሰው ቀድሞ ስልኩን ያወጣል። ጠበቆች ፌስቡክ ላይ ገጽ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍተዋል፤ ቲክቶክ ላይ በላይቭ ስለ ውርስ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ቀለብ፣ ስለ ደመወዝ ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። እኔም ማታ ማታ ከዜና በኋላ አነባቸዋለሁ።

ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ዓባይ ለሁለት ከፍሎታል፤ መተከል ከወንዙ ወዲያ፣ አሶሳና ካማሺ ከወንዙ ወዲህ ናቸው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው አሶሳ ነው። ከመተከል ወይም ከካማሺ ገጠር የሚመጣ ባለጉዳይ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ብቻ የሚያወጣውን የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አስቡት። ያችን ጥያቄ አንድ ጠበቃ በስልክ ጽፎ በነፃ ከመለሰለት ምርቃት ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በግል ድርጅት በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር የማውቀው ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ተባረረ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ሽማግሌ ላከ፣ ለመነ፣ አራት ወር ጠበቀ። በመጨረሻ ወደ ሕግ ሲሄድ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለውን ጥያቄ የሚቀበለው በ3 ወር ውስጥ ሲቀርብ እንደሆነ ተነገረው። ሽምግልናው ሲጎተት መብቱ አልፎ ነበር። ይህን ሰው ያዳነው የነበረው ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፦ «ሽማግሌ ላኩ፣ ግን 3 ወሩን ቁጠሩ።»

ሌላም ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ይህን ሳያውቁ በ45ኛው ቀን ወደ ሥራ የተመለሱ ስንት እናቶች አይቻለሁ! 90 ቀን ማለት ሕፃኑ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት የሚወስዳቸው ክትባቶች እናቱ አጠገቡ እያለች ተወሰዱ፣ ጡቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ የሚያስተምር ጠበቃ ሳያውቀው የእኛን የጤና ባለሙያዎችን ሥራ ያግዛል።

ለሕግ ባለሙያዎቹም ለራሳቸው ጥቅሙ ብዙ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በሕግ ትርጉም ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ይህ ውሳኔ በታተመ ጥራዝ ብቻ ቢቀር ወረዳ ላይ ያለ ጠበቃ መቼ ያገኘው ነበር? ዛሬ አቢሲኒያ ሎው የተባለውን የመሰሉ ድረ ገጾች አዋጅና የሰበር ውሳኔ ለማንም ያቀርባሉ፤ የቴሌግራም ቻናሎች ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ያደርሱታል።

ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አብዛኞቹ ገጾች የሚጻፉት አዲስ አበባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ የእኛም ክልል የራሱ አለው። በዚያ ላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። አሶሳ ላይ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ለጎረቤት የታዘዘን መድኃኒት አትዋጡ እያልኩ ስንት ዓመት እንደለፈለፍኩ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ለአዲስ አበባ ሰው የተመለሰ መልስም እንዲሁ ነው፤ በሽታው ቢመሳሰልም ልኩ ይለያያል።

አሁን ወደሚያገባኝ ነገር ልምጣ።

በጤና ጣቢያ የሠራ ሰው የጠዋቱን ሥርዓት ያውቀዋል። ካርድ ከመጠራቱ በፊት በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሰብስበን የጤና ትምህርት እንሰጣለን። ስለ አጎበር፣ ስለ ወባ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በግልጽ እንናገራለን፤ የፈለገ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይሰማል። ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ በአንድ ይጠራሉ። ውስጥ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ኋላ የተነገረ ነገር በረንዳው ላይ አይደገምም። በነጋታው ስለ አባላዘር በሽታ ስናስተምር «ትናንት የመጣችው የእገሌ ሚስት» አንልም። ስሟን ትተን «ከዚህ ሰፈር የመጣች፣ ባሏ ሾፌር የሆነ» ብንልስ? በረንዳው ሙሉ ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለጠበቃው በረንዳ ነው። ቢሮው ደግሞ መጋረጃው ነው። በረንዳው ላይ ሕግ ያስተምር፣ እናመሰግነዋለን። የደንበኛውን ካርድ ይዞ ሲወጣ ግን መጋረጃውን ቀደደው።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል። እዚያ አንቀጽ ውስጥ የሃይማኖት አባት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ሐኪም አለ፣ አዋላጅ አለች፣ ነርስም አለች። ሕግ አውጪው እኔንና ጠበቃውን አንድ መደብ ላይ አስቀምጦናል። ሁላችንም ሰው ሲጨንቀው፣ የማያወራውን የሚያወራልን ሰዎች ነን። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ የነገሩኝ ምስጢር ግን ከእኔ ጋር ጡረታ አልወጣም።

ወደ ስልክ መንደር ስንመጣ ምን እየሆነ ነው? አንዲት የማውቃት እናት በፍቺና በንብረት ክርክር ጠበቃ ይዛ ረታች። ጠበቃው ደስ ብሎት የፍርዱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ «እንኳን ደስ አለን» ብሎ ለጠፈው። የሴትየዋን ስም በጥቁር ቀለም ሸፍኖታል። ከሥር ግን የልጆቹ ቁጥር፣ የቤቱ ዓይነት፣ ያቀረበችው የሆስፒታል ማስረጃ ሳይቀር ይነበባል። በእኛ ከተማ እነዚህ ሦስቱ ከስም አይተናነሱም። በሁለተኛው ቀን የስምንተኛ ክፍል ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ የእናቷን ገመና ከጓደኛዋ ስልክ ላይ አነበበችው። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። እናቲቱ እኔ ዘንድ የመጣችው ራሴን አመመኝ ብላ ነው፤ ግፊቷን ስለካው 170 በ100 ነበር።

ይህን የምጽፈው አንብቤላት «ይሁን» ስላለችኝ ነው፤ እሷን ለይተው የሚያሳውቁትንም ነገሮች ቀይሬአለሁ። ጠበቃው ሲለመን ጽሑፉን አጠፋው። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ስክሪንሾቱ በየግሩፑ ገብቶ ነበር።

የጠበቆቹንም ወገን ልስማ ብዬ ጠይቄአለሁ። አንዱ ወጣት ጠበቃ «ሲስተር፣ ሥራ ካላሳየሁ ደንበኛ ከየት ይመጣል? ፍርድ ደግሞ የአደባባይ ነው፤ በግልጽ ችሎት የተነበበ ነገር ምን ምስጢር አለው?» አለኝ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ቢሮ ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፤ ታዋቂ ያልሆነ ጠበቃ እንጀራው ቀጭን ነው። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። ችሎት ውስጥ የሰሙት አሥር ሰዎች ናቸው፤ ቻናሉ ላይ ያሉት አሥር ሺህ ሊሆኑ ይችላሉ። የችሎቱ ወሬ ከሳምንት በኋላ ይረሳል፤ የስልኩ ግን ልጅቷ ስታገባም ይገኛል።

ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ከተከራከረ ቆይቷል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት፣ ብሎግም ሆነ ሌላ ገጽ ላይ የሚጽፍ ጠበቃ የደንበኛውን ጉዳይ ያለ ፈቃድ መጻፍ እንደማይችል፣ ነገሩ በአደባባይ መዝገብ ላይ ቢኖርም እንኳ እንደማይፈቀድለት ገልጿል። ከዚያ በፊት በኢሊኖይ ግዛት ለድሆች በመንግሥት የምትቆም አንዲት ተከላካይ ጠበቃ ስለ ደንበኞቿ ብሎግ ትጽፍ ነበር። ሙሉ ስም አልጠራችም፤ የመጀመሪያ ስማቸውን ወይም የእስር ቤት ቁጥራቸውን ነው የተጠቀመችው። ሥራዋን አጣች፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለ60 ቀን ከጥብቅና ታገደች። ዓለም አቀፉ የጠበቆች ማኅበርም በ2014 እ.ኤ.አ. ለጠበቆች የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም መርሆዎች ሲያወጣ ምስጢር መጠበቅን ከእነሱ አንዱ አድርጎታል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ የሚያስፈልገው እንደሆነም ይደነግጋል። ያ የሆስፒታል ወረቀት እንግዲህ ተራ ወረቀት አይደለም።

«ታዲያ ግፍ ሲፈጸም ዝም ይባል ወይ?» ትሉኛላችሁ። በፍጹም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳሯን የ7 ዓመት ሕፃን የሔቨን ዓወትን ጉዳይ አገር ሁሉ የሰማው በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ደፍሮ የገደላት ሰው የተፈረደበት የ25 ዓመት እስራት አነሰ ብሎ ሕዝብ ጮኸ፤ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በኢንተርኔት ፊርማውን አኖረ። እኔም አልቅሻለሁ። እዚያ ላይ የማስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ድምጿን ያሰማችው እናቲቱ ናት። ገመናን ማውጣት ሲያስፈልግ የሚወስነው የገመናው ባለቤት ነው። ጠበቃው ጥቅሙንና ጉዳቱን ያስረዳል፣ ምርጫውን ለእሷ ይተዋል። የሕፃን ልጅን ፎቶ በየስልኩ መለጠፍ ደግሞ ለፍትሕ ምን እንደሚጨምር አሁንም አልገባኝም።

ስለ ክልላችን ሌላም ነገር ሳልናገር አላልፍም። በመተከልና በካማሺ ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው እንደሞተ፣ ስንት ሰው ከቤቱ እንደተፈናቀለ እናውቃለን። እንዲህ ባለ ቦታ ጠበቃ ስለ ተከሳሽ ብሔር አንድ መስመር ቢጽፍ ሰው የሚያነበው እንደ ተራ ሰው ወሬ ሳይሆን «ሕግ ያወቀ ተናገረ» ብሎ ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲፈጸም ቅጣቱን የሚያከብደው አለምክንያት አይደለም። ብዙ ጆሮ የያዘ ሰው ብዙ መጠንቀቅ አለበት።

አሁን ለእናንተ ለቤተሰቦቼ የምመክረው ይኼ ነው።

የመጀመሪያው፣ ተከታይ ብዛት ፈቃድ አይደለም። ጥብቅና ያለ ፈቃድ አይሠራም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙት ፈቃዱን የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ በክልል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙት ደግሞ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ስልክ ላይ «ነገረ ፈጅ ነኝ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ጉዳያችሁን ኮሜንት ላይ አትዘርዝሩ። «ባለቤቴ እንዲህ አድርጎኝ፣ ቤቱ በእናቴ ስም ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማስረጃውን ለተከራካሪው እያቀበለ ነው። ባልም ያነባል፣ የባል ጠበቃም ያነባል። «ስለ ቤት ጉዳይ ማማከር እፈልጋለሁ፣ ቢሮዎ የት ነው?» ማለት ይበቃል። ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ ግሩፕ ውስጥ አትላኩ።

ሦስተኛው፣ የተነገራችሁ ሕግ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል፣ የተጻፈውስ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አዋጅ ይሻራል፣ ይሻሻላል። የአራት ዓመት ፖስት ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት አይሻልም።

አራተኛው፣ ጠበቃ ስትይዙ በምትፈርሙት ውል ላይ አንድ መስመር አስጨምሩ፦ «ጉዳዬንም ሆነ ሰነዴን ያለ ጽሑፍ ፈቃዴ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፍም።» ጨዋ ጠበቃ በዚህ አይቀየምም። ለቀዶ ሕክምና አስፈርመን እንደምንገባው ሁሉ እሱም ያስፈርማችሁ።

አምስተኛው፣ ከተለጠፈባችሁ ከቀኑ ጋር ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እንዲያጠፋው በጽሑፍ ጠይቁ፤ እንቢ ካለ ፈቃድ ለሰጠው አካል አቤት በሉ። አንቀጽ 399 የሚንቀሳቀሰው ተጎጂው ሲያመለክት ነው። እናንተ ዝም ካላችሁ ሕጉም ዝም ይላል።

ስድስተኛው፣ አቅም የለኝም ብላችሁ ስልክ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ይቆማል። በወንጀል ለተከሰሰና ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃ ይመድባል። ሄዳችሁ በር አንኳኩ።

ለወጣት ጠበቆቻችንም እንደ እናት አንድ ነገር ልበላችሁ። ያ የፍርድ ወረቀት ያመጣላችሁን ደንበኛ፣ ያለ ወረቀቱም ታገኙታላችሁ። «ሚስት ከትዳር በፊት ያፈራችው ንብረት በፍቺ ጊዜ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ሕጉን በቀላል አማርኛ ብትጽፉ ሰው ዕውቀታችሁን ያያል። አሶሳ ዙሪያ ከአማርኛ ይልቅ ሩጣንኛ የሚቀናቸው ብዙ እናቶች አሉ፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ። ቋንቋውን የምትችሉ ሁለት ደቂቃ በድምፅ ቀድታችሁ ብትልኩላቸው ከመቶ ፎቶ ይበልጣል። ፖስታችሁ ላይ ቀን ጻፉበት። ሰው ገመናውን ኮሜንት ላይ ሲያፈስ ካያችሁ ጽሑፉን አጥፉለትና «ቢሮ ይምጡ» በሉት። ያን ቀን አንድ ቤተሰብ ከውርደት አዳናችሁ፤ ሰውየውም በሌላ ቀን ሌላ ባለጉዳይ ይዞ ይመጣል። እምነት በእኛ ከተማ የሚስፋፋው እንዲህ ነው፤ በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ «እሱ እኮ አፉ የታተመ ነው» በሚል አንድ ቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት የክረምቱ ወባ ሳይመጣ አጎበራችንን እንዴት እንደምናዘጋጅ እናወጋለን። እስከዚያው ልጆቻችሁን ስማችሁ፣ ስልካችሁን ቆልፋችሁ፣ በሰላም ሰንብቱ።